የሁለት አመተሥላሴዎች አንድ ካርድ

መርስዔ ኃዘን ወልደ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተመልሶ መሐል ሜዳ ሲገባ ቤት የተከራየው ከእኔ ቤት ጎን ነው። ግድግዳችን አንድ ነበር። ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ አየዋለሁ። ስመለስም እዚያው ነው። ሰፈሩ ሥራ ፈት ይለው ነበር። እኔም ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያ ነገር ከደረሰበት በኋላ፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ ነው።

የሞላሌ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የቁም ጽሕፈት ሰው ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት ይጽፉ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩት ራሳቸው ናቸው። «ንጉሡ ሠ» በሚገባበት ቦታ «እሳቱ ሰ»ን ከጻፈ ገጹን እንደገና ያስጀምሩት ነበር። ስሙን መርስዔ ኃዘን ያሉት ከእርሱ በፊት የነበረው ልጃቸው በኩፍኝ ስለሞተባቸው ነው፤ ኀዘን ማስረሻ ማለት ነው። እናቱ ወይዘሮ አማከለች ግን የመጀመሪያውን ልጅ ስም ሳይጠሩ ውለው አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረና አዲስ አበባ ለጤና ጣቢያዎች የሕሙማን መዝገብ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። ታካሚ ሲመጣ ነርሷ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች፤ ካርዱ ይወጣል፤ ከዚህ በፊት ምን እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደማይስማማው ይታያል። የመርስዔ ሥራ ሌሎቹ የጻፉትን ኮድ ጤና ጣቢያዎቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንብቦ፣ ፈትሾ፣ ይለፍ ወይም አይለፍ ማለት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ሠራ። አባቱ ሲያርፉና እናቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ሰውነት የምትባለውን አለቃውን ለምኖ ሥራውን ይዞ መሐል ሜዳ ገባ። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞላሌ ይወርዳል።

በ2017 ዓ.ም. ድርጅቱ አዲሶቹን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አስገባ። ኤጀንት ይሏቸዋል። አንዱ ከጤና ጣቢያ የመጣውን ጥያቄ ያነብባል፤ ሁለተኛው ኮዱን ይጽፋል፤ ሦስተኛው ይፈትሻል፤ አራተኛው የሁሉንም ሥራ ይመረምራል። ሰው መጨረሻ ላይ አይቶ ያጸድቃል። ሰውነት ይህን ሰንሰለት እንዲያደራጅ ያዘዘችው መርስዔን ነው፤ ከሠራተኞቿ ሁሉ ጠንቃቃው እርሱ ስለነበር።

በጥንቃቄ አደራጀው። ወር ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማለቅ ጀመረ። ከዚያ አሥራ አንድ የነበሩት ሠራተኞች ሦስት ቀሩ። ከተሰናበቱት አንዷ አርሴማ ናት፤ ራሱ ያሠለጠናት ፈታሽ። ስትሰናበት ስልክ ደወለችለትና «ጋሼ፣ ያስተማርከኝን ሁሉ ለእነሱም አስተማርካቸው አይደል?» አለችው። ቁጣ የለበትም ድምጿ። እርሱ ግን ያንን ጥያቄ ሲነግረኝ ዐይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

በነሐሴ ወይዘሮ አማከለች በረንዳ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። መርስዔ መሐል ሜዳና ሞላሌ ሲመላለስ ሰነበተ። በቀን አርባና ሃምሳ ለውጥ ማጽደቂያውን እየጠበቀ ይከመርበታል። አብዛኛው ኢምንት ነገር ነበር፤ የአንድ ቁልፍ ቀለም፣ የተሳሳተ ቃል፣ የጠበበ ሣጥን። አንድ ቀን እናቱ አልጋ ግርጌ ተቀምጦ አንድ መስመር ትእዛዝ ጨመረ፤ መርማሪው ኤጀንት «ጥቃቅን» ብሎ የመደበው ለውጥ የእርሱን ማጽደቅ ሳይጠብቅ እንዲያልፍ። ሰውነት ሰምታ ደስ አላት። ሁለት ወር ምንም አልሆነም።

በጥቅምት ከጊሼ በኩል ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ጥያቄ መጣ። «አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ካርድ እየወጣለት ተቸግረናል፤ አንድ አድርጉልን» የሚል። እውነታቸውን ነበር። አንዱ ጸሐፊ በ«ጸ» የጻፈውን ሌላው በ«ፀ» ይጽፈዋል፤ አንዱ ወልደ ጻድቅን ለያይቶ፣ ሌላው ገጥሞ ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ሰው ያደርገዋል። ኤጀንቱ መፍትሔ አበጀ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች እንደ አንድ ቆጠረ፤ ክፍተቱን አጠፋ፤ የአባት ስም ከተመሳሰለና ዕድሜ ከተቀራረበ አንድ ሰው ናቸው አለ። የአያት ስም ካልተጻፈም እንደ ተመሳሰለ ወሰደው። ፈታሹ ፈተሸ፤ አለፈ። መርማሪው «ጥቃቅን ማስተካከያ» ብሎ መደበው። ሰው ሳያየው ጤና ጣቢያው ገባ።

በዚያ ጤና ጣቢያ ሁለት ሴቶች ይታከሙ ነበር። አንዷ አመተሥላሴ በዕውቀቱ፣ ሌላዋ አመተ ሥላሴ በእውቀቱ ተብለው ተጽፈዋል። አይተዋወቁም፤ ቀበሌያቸውም የተለያየ ነው። ዕድሜያቸው በአንድ ዓመት ይበላለጣል፤ የሁለተኛዋ የአያት ስም አልተመዘገበም። የመጀመሪያዋ ካርድ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ሁለቱ ካርዶች ሲዋሐዱ ፕሮግራሙ በቅርብ የተጻፈውን አስቀረ፤ የሁለተኛዋን። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ።

የመጀመሪያዋ አመተሥላሴ ጉሮሮዋን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሐጂራ የምትባል፣ ከአፋፉ በታች ቆላው ውስጥ ካለ ከተማ የመጣች፣ ስድስት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ካርዱን አየች፤ ምንም የለም። ፔኒሲሊን ወጋቻት። አመተሥላሴ ከወንበሩ ሳትነሣ ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት፤ ወደቀች። ሐጂራ አድሬናሊን ሰጥታ፣ አምቡላንስ አስጠርታ፣ ራሷ እጇን ይዛ ሆስፒታል አደረሰቻት።

ድርጅቱ ይህን የሰማው ከአራት ቀን በኋላ ሐጂራ ስትደውል ነው። ስልኩን ያነሣው መርስዔ ነበር።

«ወንድሜ፣» አለችው፣ «የዚህች ልጅ ካርድ ላይ ማስጠንቀቂያ እንደነበረ በዐይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን የለም። ሰዎቹ ሳታይ ወጋቻት እያሉኝ ነው። ኮሚቴ ተቋቁሞብኛል። እናንተ ዘንድ የጠፋ ነገር ካለ እባክህ ንገረኝ።»

የተሠራውን ሁሉ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈተ። ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ለውጡን የጻፈ፣ የፈተሸ፣ የመረመረ የሚለው ቦታ ሁሉ ላይ ኤጀንት ነው የተጻፈው። ያጸደቀው የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የሰው ስም የለም፤ «በመርስዔ ወ. ደንብ መሠረት ያለ ማጽደቅ ያለፈ» ይላል። ያንን አንብቦ ከቤት ወጣ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያለ ጋቢ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ብርድ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም።

ለሰውነት ደወለ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድርጅቱን ከአንድ ክፍል ቤት ያሳደገችው እርሷ ናት። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ታካሚዋስ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«ድናለች ይላል ከጤና ጣቢያው የመጣው ሪፖርት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ካርዶቹን ዛሬውኑ መልሰህ ለያይ። ለጤና ጣቢያው "የቴክኒክ ችግር ተስተካክሏል" ብለን እንጻፍ።»

«ነርሷስ? ኮሚቴ ተቋቁሞባታል።»

«መርስዔ፣ ዝርዝሩን ከጻፍክ ሌሎቹ ጤና ጣቢያዎችም ይተዉናል። ሦስት ሰው ነው የቀረን። እኛም እንዘጋለን።»

«አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው። ያን ቅዳሜ ሞላሌ ወርዶ ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ አማከለች ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ክራንቻቸውን ተደግፈው ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

«ሴትዮዋ ይህን ያደረጋት ማን እንደሆነ ታውቃለች?» አሉት።

«አታውቅም። ነርሷ ይመስላታል።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሰኞ ደብዳቤውን ጻፈ። የተሠራውን በቅደም ተከተል አስቀመጠ፤ ነርሷ ማስጠንቀቂያውን መጻፏን፣ የጠፋው በፕሮግራሙ መሆኑን፣ ሳይታይ እንዲያልፍ የፈቀደው ራሱ መሆኑን። ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። መጀመሪያ ለሰውነት ላከላት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለጤና ጣቢያው። ሰውነት ሁለት ሳምንት አላናገረችውም።

በኅዳር አጋማሽ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን፣ ወደ ጊሼ ሄደ። አብሬው እንድሄድ ለመነኝ፤ ሄድኩ። ገና አመዳዩ ሣሩ ላይ ነበር ስንነሣ። ሐጂራ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችን። ኮሚቴው ነጻ ናት ብሏት ነበር። ከሰላምታ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር መራችን። በየአውድማው ገብስ ይወቃል። መንገድ ላይ መርስዔን ዞር ብላ እያየች የሆነ ነገር ልትናገር ትልና ትተወዋለች። ቤቱ ሲታየን ቆም አለች።

«ሪፖርቱ ላይ ድናለች ነው የሚለው አይደል?» አለችው። «እርሷ ድናለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች ግን። ሆስፒታል በገባች በማግስቱ አስወረዳት። እዚህ ድረስ ከመጣህ ሳታውቅ አትግባ ብዬ ነው።»

መርስዔ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንመለስ የሚል መስሎኝ ነበር። ተነሥቶ ቀድሞን ሄደ።

አመተሥላሴ ያለችው አባቷ ቤት ነው። አባቷ አቶ በዕውቀቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሰባ በላይ ይሆናቸዋል። ባሏ መሳፍንት ከአውድማው ተጠርቶ መጣ፤ ገለባው ፀጉሩ ላይ ነበር። እርሷ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ። ሐጂራን ስታይ ተነሥታ ሳመቻት። ያን ጊዜ መርስዔ ገና አልተቀመጠም ነበር።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት አቶ በዕውቀቱ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ቆሜ ልናገር።»

ነገራቸው። የትምህርት ቤት ሰው ነኝና ሰው ከባድ ነገር ሲያስረዳ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላየሁም። አንድም የኮምፒውተር ቃል አልተጠቀመም። ሁለት ሴቶች በስም ተመሳስለው መዝገባቸው አንድ እንደሆነ፣ ያንን ያደረገው ሥራ ለማፍጠን ያቆሙት ማሽን እንደሆነ፣ ማሽኑ የሠራውን እያየ ይለፍ አይለፍ ማለት የእርሱ ሥራ እንደነበረ፣ ሥራ ሲበዛበት «ሳላይ ይለፍ» እንዳለ።

«ማሽን ነው ልትለን ነው?» አለ መሳፍንት። «ከመሐል ሜዳ ድረስ ማሽን ነው ልትለን መጣህ?»

«እኔ ነኝ ነው ያለው» አለች አመተሥላሴ። «እስኪጨርስ ስማው እንጂ።»

መሳፍንት ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደ ሰጠን ቀረ።

እርሷ ቀስ ብላ ተናገረች። «በፊት ወረቀት ነበረኝ። መድኃኒቱ እንደማይስማማኝ የተጻፈበት። በላስቲክ ጠቅልዬ እይዘው ነበር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ "ከእንግዲህ መያዝ የለብሽም፤ እዚህ ውስጥ አለ" አሉኝ። ያን ቀን መርፌውን ሳይ ልጠይቅ አሰብኩ። ከዚያ ያውቁታል ብዬ ዝም አልኩ።» ሐጂራ ማልቀስ ጀመረች። አመተሥላሴ ግን አላለቀሰችም። «ያችኛዋስ ሴት?» ብላ ጠየቀችው። «ስማችን አንድ ነው ያልካት። እርሷ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። አግኝቻታለሁ» አለ።

«ሌላስ? እንደኛ የሆነ ሰው አለ?»

«አለ። በዚያ ለውጥ ሠላሳ አንድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀላቅሏል።»

«ሁሉንም አገኛችኋቸው?»

«ካርዶቹን ለያይተናል። ሰዎቹን ግን… በተቀላቀለበት ጊዜ ምን መድኃኒት እንደተሰጣቸው መጠየቅ አለብን። አሥራ ዘጠኙን አግኝተናል።»

አቶ በዕውቀቱ እስከዚያ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ቀና አሉ። «እና አሥራ ሁለት ሰው ሳታገኝ ነው እዚህ የቆምከው?»

«አዎ አባቴ።»

«ሂድ ፈልጋቸው። ስለ ይቅርታው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። እኔ ለብቻዬ አልሰጥም፤ ልጄ አለች፤ ባሏ አለ። ሂድ አሁን።»

ውሃ እንኳ ሳንጠጣ ወጣን። መሳፍንት በሩ ላይ መንገድ ለቀቀልን፤ እጁን ግን አልዘረጋልንም። ጤና ጣቢያው እንደ ተመለስን መርስዔ ከሐጂራ ጋር ተቀምጦ የአሥራ ሁለቱን ስም ወረቀት ላይ አሰፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ክረምት እስኪገባ ዘልቋል። ሐጂራ በስልክ፣ በቀበሌ፣ በዕድር ዳኞች በኩል ታፈላልጋለች። መርስዔ የሥራ ሰዓቱን ጨርሶ ይደውላል፤ ቅዳሜ ደግሞ እናቱ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ገበያ ወጥቶ ከዚያ ወገን የመጣ ሰው ይጠይቃል። አንዷ ቀየት የሚባል አገር ተድራ ተገኘች። ሁለት ወንድማማቾች ደብረ ብርሃን የግንበኛ ሥራ ላይ ነበሩ። አንድ ሰው ሞቶ ነበር፤ ካርዱ በመቀላቀሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረ ሕመም መሆኑን ሐጂራ ከሆስፒታሉ እስክታረጋግጥ ድረስ መርስዔ እህል አልበላም። ሌሎቹ ላይ የደረሰ ጉዳት አልተገኘም።

ድርጅቱ አልተዘጋም። ሁለት ጤና ጣቢያዎች ተዉት፤ ሌሎቹ ደብዳቤውን አይተውም አብረውት ቀጠሉ። ሰውነት በመጨረሻ ራሷ ደወለች። መርስዔ ሥራ እለቃለሁ አላላትም፤ ያቀረበው ነገር አንድ ነበር። ኤጀንቶቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ፤ የሰውን ማንነትና የሰውን ሕመም የሚነካ ለውጥ ግን፣ አንድ ፊደል ቢሆንም፣ ሰው አንብቦ ስሙን ሳይጽፍበት አይለፍ። ጥቃቅን ነው የሚለውንም ማሽኑ ራሱ አይወስን። ሥራው ይዘገያል አለችው። ይዘግይ አላት። ፈታሽ ሰው መልሰን እንቅጠር ብሎም ለምኖ አርሴማ እንድትጠራ አስደረገ። አርሴማ ግን ደብረ ብርሃን የራሷን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ አመስግና እምቢ አለች። አሁን እርሱ ያነብባል፤ በቀን ስድስትና ሰባት ብቻ ያሳልፋል።

በሚያዝያ አቶ በዕውቀቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መሐል ሜዳ መጡ። አመተሥላሴና መሳፍንትም ነበሩ። እኔ ቤት ተቀመጡ፤ የእኔ ቤት ስለሚሰፋ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ አመተሥላሴ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አለችው። መሳፍንት «እርሷ ካለች ይሁን» ብቻ አለ። መርስዔ ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። ከዚያ ዕለት በኋላ መሳፍንት ገበያ ሲመጣ ከሩቅ ራሱን ነቅነቅ ያደርግለታል፤ ቀርቦ ግን አያናግረውም። መርስዔም አይከተለውም።

የመጨረሻው ሰው ወልደ ጻድቅ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሄደው እዚያው መርሐቤቴ ሴት ልጃቸው ዘንድ ቀርተው ኖሯል። ስልክ የላቸውም። መርስዔ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ዙሪያውን መንገድ በመኪና፣ የቀረውን በእግር ሄዶ በሁለተኛው ቀን ደረሰባቸው። ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ጠየቃቸው፤ ከጥቅምት ወዲህ ሐኪም ቤት ረግጠው አያውቁም። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ ልጃቸው እየጮኸች ደገመችላቸው።

«ይህን ልትነግረኝ ነው ከመሐል ሜዳ የመጣኸው?» አሉት።

«አዎ አባቴ።»

ከዚያ ልጃቸውን ቆሎ እንድታመጣ አዘው፣ ዝናቡ እዚያ ላይ ጀምሮ እንደሆነ፣ ገብሱ ተዘርቶ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብሯቸው ተቀምጦ ዋለ።